አበባዬን ዓይን በላብኝ

የአትክልት ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ዚኒያ አንድ አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር፣ እሱንም ገጹ ላይ ቦታ ስለተረፈኝ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ጥያቄ ሳይ ግን ለካ ድሬና ሐረር ውስጥ ዚኒያ ያልሞከረ ግቢ የለም አስባለኝ። ስሟን ባታውቁት አበባዋን ታውቋታላችሁ፣ ቅጠሏ ሲዳሰስ ሻካራ፣ ግንዷ ቀጥ ያለ፣ ቀይ ሮዝ ብርቱካን ቢጫ ነጭ ሐምራዊ፣ ከሰማያዊ በስተቀር ያልሞከረችው ቀለም የለም። ዛሬ ገጹን ሙሉ ለሷ ሰጥቻለሁ፣ የጽጌረዳና የቦጋንቪላ ጠያቂዎች ትንሽ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነሽ እህቴ። ዚኒያ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዘርቼ ታህሳስ ላይ እንዴት እንደፈካች ብታዪ! መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ፎቶ ያነሳት ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ጎረቤቴ መጥታ "ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ያምራል" አለች፣ ማሻአላህም አላለች ምንም አላለች፣ ከዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታች ጀምራ ቡኒ እየሆነች ደረቀች። ውሃ አልቀነስኩባትም። እናቴ ዓይን ነው ብላ ሁለተኛ በር ላይ አበባ እንዳልተክል ከለከለችኝ። እውነት ዓይን ነው ወይስ በሽታ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ መጀመሪያ ጎረቤትሽን ይቅርታ ጠይቂያት። አበባሽን ማንም አልበላትም፣ ዕድሜዋን ጨርሳ ነው የሄደችው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ቁጠሪው፣ አራት ወር ነው፣ ለዚኒያ ደግሞ አራት ወር ሽበት ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አብዛኞቻችን ግቢ ውስጥ የለመድነው ቦጋንቪላና ጽጌረዳ ነው፣ እነሱ እንጨት አውጥተው ከዓመት ዓመት ስለሚቆዩ አበባ ሲደርቅ የሆነ ጥፋት የተፈጠረ ይመስለናል። ዚኒያን ግን እንደ ማሽላ ነው ማየት። ማሽላው አሽቶ አገዳው ሲደርቅ ቡዳ በላው የሚል ገበሬ አለ እንዴ? እሷም እንደዛው ናት፣ ትበቅላለች ታብባለች ዘር ትቋጥራለች ትሞታለች፣ ሁሉንም በአንድ ወቅት ውስጥ፣ እና ያ ሁሉ ቀለም ለኛ ፎቶ ሳይሆን ንብና ቢራቢሮ ለመጥራት ነው፣ ንብ የምትጠራውም ዘር ለማፍራት ነው፣ ዘሩ በሰለ ማለት ደግሞ ሥራዋ አለቀ ማለት ነው። አንቺ ስላማረሽ አንዷንም አልቆረጥሽም አይደል? ገምቼ ነው፣ ግን እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዕድሜዋን ማስረዘም የፈለገ ሰው ዘር እንዳትቋጥር ማድረግ አለበት፣ በግልጽ አማርኛ መቁረጥ። ጠውለግ ያለችውን አበባ ጭንቅላቷን ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ወርደሽ ቅጠሎቹ ጥንድ ሆነው ከወጡበት ቦታ ከፍ ብለሽ ቁረጪ፣ ከዛች ጥንድ ብብት ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይመጣል፣ ሁለቱም ያብባሉ። ገና ልጅ ሳለች ቁመቷ 20 ወይ 25 ሴንቲሜትር ሲደርስ ደግሞ ጫፏን ቀንጥቢያት፣ ያኔ አንድ ረጅም ግንድ ከመሆን ይልቅ ቁጥቋጦ ትሆናለች። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀን መቀሱን ይዤ አንድ ሰዓት ስዞራት ነው የዋልኩት፣ ልጅ የማስገረዝ ያህል ነው የከበደኝ፣ አሁን ግን በየሶስት ቀኑ እቆርጣለሁ። ለቫዞ ስትቆርጪ አንድ ዘዴ አለ፣ ከአበባዋ ትንሽ ዝቅ ብለሽ ግንዱን ይዘሽ ቀስ ብለሽ አወዛውዢው፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል፣ አንገቱ እንደ ሰካራም ካወላወለ አልደረሰምና ተይው፣ ውሃ ውስጥ ብታስገቢውም ይደፋል። ለእናትሽ ደግሞ በየሶስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሪላቸው፣ አንዷ ስታረጅ ሌላዋ ስለምትደርስ ዓይን ገባ የሚያሰኝ ነገር አይኖርም።

ዓይንን ካነሳሽው አይቀር ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የዚኒያ ስም ራሱ የመጣው ከዓይን ሰው ነው! ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን የሚባል ጀርመናዊ ነበር፣ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ በፈረንጅ 1755 ስለ ሰው ዓይን አሠራር መጽሐፍ የጻፈ፣ ዓይናችን ውስጥ ሌንሷን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች እስከዛሬ በሱ ስም ነው የሚጠሩት። የዩኒቨርሲቲው የዕጽዋት ቦታም ኃላፊ ነበር። አበባዋ ከሜክሲኮ ናት፣ አውሮፓ ስትደርስ ሊኔየስ በዚን ስም ሰየማት። ሰውየው በ1759 ገና በ31 ዓመቱ ነው የሞተው፣ እሱም እንደ አበባዋ ብዙ አልቆየም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ ዚኒያ በቀን ስንት ጊዜ ነው ውሃ የሚጠጣው? አንዱ ቪዲዮ በቀን ሁለቴ ይላል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ ይላል፣ እኔ ግራ ገብቶኝ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼ ጠዋትና ማታ እያጠጣሁ ነው፣ ቅጠሏ ግን ደስ አላላትም። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ አቦ አላርሙን አጥፋው! ይሄ ጥያቄህ ናሳንም ያስቸገረ ጥያቄ ነው፣ ቀልዴን አይደለም። በፈረንጅ 2015 መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ዚኒያ ዘርተው ነበር፣ ውሃውም ከመሬት በወጣ ፕሮግራም ነበር የሚሰጠው፣ ከዛ ቅጠሎቹ በውሃ ተጥለቀለቁ፣ ሻጋታ ወጣ፣ ሻጋታውን ለማድረቅ ማራገቢያ ሲጨምሩ ደግሞ በተራው ድርቀት መጣ፣ አንዳንዶቹ ሞቱ። ስኮት ኬሊ የሚባለው ጠፈርተኛ በመጨረሻ ምን አለ፣ እኔ እዚህ ሆኜ አያታለሁ፣ መቼ እንደምትጠጣ እኔ ልወስን አለ፣ ፈቀዱለት፣ አንድ ገጽ መመሪያ ሰጡትና ተዉት። በጥር 2016 በነሱ አቆጣጠር የፈካች ብርቱካንማ ዚኒያ ፎቶ ከላይ ላከ። እንግዲህ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች በሰዓት ማጠጣት ካቃታቸው ገንደ ቆሬ ላይ በስልክ አላርም እንዴት ይሆናል።

ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተት። ደረቅ ከሆነ አጠጣ፣ እርጥብ ከሆነ ሂድ ወደ ሥራህ። ሲያጠጡ ደግሞ ከላይ እንደ ጸበል መርጨት ሳይሆን ጎማውን ወይ ጆጉን ሥሩ ጋ አድርጎ ቀስ ብሎ ማርካት ነው፣ ጠዋት በጊዜ። ታህሳስ ጥር ላይ መሬት ላይ ያለች በሳምንት ሁለቴ ሊበቃት ይችላል፣ ሰኔ ላይ የድሬ ፀሐይ 35 ዲግሪ አልፎ ሲነድ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች በየቀኑ ትጠይቅሃለች። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሏ ጠውለግ ቢል አትደንግጥ፣ እኛስ በበርጫ ሰዓት ጠውለግ እንል የለ፣ ማታ ላይ ቀና ካለች ደህና ናት። ማታም ካልተነሳች ያኔ ነው ጥማቱ። የአንተ እንደገመትኩት በተቃራኒው ጠግባ ነው፣ ለአምስት ቀን ተዋትና እያት።

ጥያቄ፦ የተከበርሽ አዘጋጅ፣ ከዚራ የምኖር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ዚኒያዎቼ ቁመታቸው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለአትክልት ሁሉ የምድጃ አመድ ታደርግ ስለነበር እኔም በየሳምንቱ አመድ እየነሰነስኩ ነው፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ በዚህ ዘመን የቅጠሉን ሥር ለይቶ የሚያይ ሰው ብርቅ ነው። መልሱም እዛው ውስጥ አለ። ቢጫው ከታች ካሮጌው ቅጠል ቢጀምር ኖሮ ፍግ አነሳት እልዎ ነበር፣ ከላይ ካዲሱ ቅጠል ጀምሮ ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ግን የብረት እጥረት ነው። ብረት አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፣ አለ፣ ግን የድሬ አፈርና የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ብረቱን ቆልፎ ይይዘዋል፣ ተክሏ ልትጠጣው አትችልም። ማንቆርቆሪያዎን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱት፣ ያ ነጭ ቅርፊት ነው አበባዎ ሥር የሚጠራቀመው።

አመዱን እባክዎ ይተዉት። እናትዎ ተሳስተው አይደለም፣ እንደ ወለጋ ላለ ኮምጣጣ ቀይ አፈር አመድ መድኃኒት ነው፣ እኛ ጋ ግን አመድ ኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው የሚሆነው። በሱ ፈንታ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይ ያረጀ ፍግ አፈሩ ውስጥ ይደባልቁበት፣ ብዙ ነው ብለው ሳይሰስቱ። በክረምት ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በርሜል ውስጥ ይያዙ፣ የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም፣ ለአበባዎቹ እሱን ይስጧቸው ለቤቱ የቧንቧውን። የቡና አተላ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ኮምፖስቱ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን እንደሚወራለት አፈር አይቀይርም፣ ተአምር አይጠብቁበት። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ተመልሰው ላይለመልሙ ይችላሉ፣ ቀጥሎ የሚወጡትን ነው ማየት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ገራባ (የጫት ትራፊ) ይበዛል ሃሃ፣ አበባ ሥር ብነሰንሰው እንደ ማዳበሪያ ይሆናል? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ እንዲሁ ትኩሱን ከነሰነስሽ ማዳበሪያ ሳይሆን የፍየል ግብዣ ነው የሚሆነው፣ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ገራባውን ብሎ ይመጣና ዚኒያሽንም አብሮ ይጨርሳታል፣ በኔ ደርሷል። ጉድጓድ ውስጥ ካፈርና ከፍግ ጋር ደራርበሽ እርጥብ እያደረግሽ ሦስት አራት ወር አቆዪው፣ ወፍራሙን እንጨት ለይተሽ። ጫት ላይ ብዙ ጊዜ ኬሚካል ስለሚረጭ ደግሞ ለሰላጣና ለቆስጣ መደብ አልመክርሽም፣ ለአበባ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ ጀጎል ውስጥ ነን፣ ግቢያችን ጠባብ ነው ግንቡ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ፀሐይ የምትገባው ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ዚኒያ ዘርቼ ረዘመች ረዘመች፣ ቀጥና ተጋደመች፣ ያበበችውም ሁለት ብቻ። ምን ላድርግ? (ከሐረር)

መልስ፦ ሶስት ሰዓት ፀሐይ ለዚኒያ ቁርስ ናት፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ትፈልጋለች። የረዘመችው ጎብዛ ሳይሆን ፀሐይ ፍለጋ ስትንጠራራ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ጣሪያችሁ ሊወጣበት የሚችል ጠፍጣፋ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጠሽ ታቹን በምስማር በስታሽ እዛ ላይ አውጪው፣ ለዚህ ደግሞ ድንክ የሆነውን ዝርያ፣ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ የሚቀረውን ምረጪ፣ ረጅሙን ንፋስ ይጥለዋል።

ጣሪያው ካልሆነ ግን ዚኒያን ተያት፣ ከተፈጥሮዋ ጋር አትታገዪ። እንሶስላ ትከይ። አዎ ያቺ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉባት፣ እናንተ ጋ ሂናው ስለሚበዛ ተረስታ ይሆናል፣ የራሳችን አገር ተክል ናት፣ ጥላና እርጥበት ትወዳለች፣ አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ሐምራዊ ነው፣ ሥሯም መሬት ውስጥ ስለሚቆይ ከዓመት ዓመት ትመለሳለች። እንደኔ እንደኔ ለጀጎል ግቢ ከሜክሲኳ እንግዳ ይልቅ እሷ ናት የምታምረው።

ጥያቄ፦ ዚኒያዬ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት ይመስላል፣ ነጭ በነጭ ሆነች፣ ስጠርገው ይለቃል ከዛ ይመለሳል። ሰው አቧራ ነው ይለኛል። (ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር)

መልስ፦ አቧራ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ዚኒያን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው፣ ሐረር ላይ ከድሬ ይልቅ የሚመቸው ደግሞ ቀኑ ሞቅ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ነው። ተክሎቹ ተጨናንቀው ከሆነ አየር ስለማያልፍ ይብሳል፣ በመካከላቸው 30 ሴንቲሜትር ተዉ ስንል ሰው መሬት ማባከን ይመስለዋል፣ አይደለም። የታመመውን ቅጠል ልቀሚና አርቀሽ ጣዪ፣ ኮምፖስት ውስጥ አታስገቢ። ገና ሲጀምር ከደረስሽበት አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ፀሐይ ሲወጣ በሳምንት አንዴ ርጪ፣ ዱባ ላይ ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው፣ እኔም ዚኒያዬ ላይ አድርጌው ያዝ አድርጎልኛል። ተክሏ አራት ወር ከሆናት ግን ወተቱን ለሻይ አድርጊው፣ ነቅለሽ አዲስ ዝሪ። ለሚቀጥለው ቀጭን ቅጠል ያላትን የዚኒያ ዘመድ ካገኘሽ እሷን ዝሪ፣ አበባዋ አነስ ትላለች ግን ይሄ በሽታ እምብዛም አይደፍራትም።

ጥያቄ፦ አምና ጥቁር ቀይ፣ ድርብርብ የሆነች፣ ዳሊያ የምትመስል ዚኒያ ነበረችኝ። ዘሯን ለቅሜ ዘንድሮ ዘራሁ፣ የወጣው ሮዝ ነው፣ ብርቱካን አለበት፣ ግማሹ ደግሞ ነጠላ ነው መሐሉ ላይ ቢጫ ጉብታ ያለው። ዘሩ ተበላሽቶ ነው? ደግሞስ የትኛው ነው ትክክለኛው ዘር፣ እኔ ጥቁር ጥቁሩን ሁሉ ነው የለቀምኩት። (ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)

መልስ፦ ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ረዘም ብል አትቀየሙኝ።

አንድ የዚኒያ አበባ የምትሏት አንድ አበባ አይደለችም። ማጉያ መነጽር ካላችሁ አምጡና ነጠላዋን እዩአት፣ መሐሉ ላይ ያለው ጉብታ ዙሪያውን እንደ ዘውድ የተሰደሩ ቢጫ ቢጫ ትንንሽ ኮከቦች አሉት፣ እያንዳንዷ ኮከብ ራሷን የቻለች አበባ ናት፣ ወንዴም ሴቴም አላት። ዳር ላይ ያለው ባለቀለሙ፣ እኛ የአበባ ቅጠል የምንለው፣ እሱም እያንዳንዱ አንድ አንድ አበባ ነው፣ ሴቴ ብቻ የሆነ። ስለዚህ በእጃችሁ የያዛችሁት አበባ ሳይሆን አንድ መንደር ነው። ኑግም እንደዛ ነው፣ የሱፍ አበባም፣ አደይ አበባም፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ አደይን ለመስከረም ስትቀጥፉ አስተውሉ።

ድርብርብ የምትባለው እንግዲህ የመሐሏ ኮከቦች ቀንሰው ወይ ጠፍተው የዳሩ ዓይነት የሞላባት ናት። ኮከብ ከሌለ ወንዴ ብናኝ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ የአንተ ጥቁር ቀይ እናት ብናኙን ያገኘችው ከሌላ ነው፣ ንብና ቢራቢሮ ከጎረቤት ሮዟን ነጠላዋን ነክቶ መጥቶ አረፈባት፣ ልጆቹ የዛ ውጤት ናቸው። ሌላው ምክንያት ዘሩን መጀመሪያ የገዛኸው በፓኬት ከሆነና ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተሠራ ከሆነ ነው፣ እንዲህ ያለው ዘር ሲለቀም ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፣ አያት ቅድመ አያት ይወጣል። (እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ነጭ የሚል ፓኬት ገዝቼ የሰፈር ባንዲራ የመሰለ ነገር በቀለልኝ፣ ባለሱቁን ብጠይቀው "አቦ፣ አበባ አልሆነም እንዴ?" አለኝ፣ ምን ልበል።)

ቀይህን ማቆየት ከፈለግክ ገና አበባው ሲከፈት ሮዙንና ነጠላውን ሳታዝን ንቀል፣ ወይም ለቫዞ ቁረጠው፣ ቀይ ድርብርቦቹን ብቻ ለዘር ተው፣ መሐላቸው ላይ ጥቂትም ቢሆን ቢጫ ኮከብ ያላቸው መኖር አለባቸው እንዳልኩህ። አንድ ዓመት አይበቃም፣ ሦስት አራት ዙር እንዲህ ስታደርግ እየጠራ ይሄዳል፣ ከጎረቤት የሚመጣውን ንብ ግን ማን ይከለክለዋል።

ዘሩን በተመለከተ፣ አበባው ሙሉ በሙሉ ቡኒ ሆኖ ሲጨበጥ እንደ ገለባ ኮሽ ሲል ነው የሚቆረጠው። የዳሩን ደረቅ ቅጠል አንድ በአንድ ንቀለው፣ ጫፉ ላይ የቀስት ራስ የመሰለ ጠፍጣፋ ግራጫ ቡኒ ነገር ተጣብቆ ይወጣል፣ እሱ ነው ዘር። ከመሐል ጉብታው የሚወጣው ደግሞ ቀጠን ያለ ነው፣ እሱም ይበቅላል። በጥፍርህ ጫን በለው፣ ውስጡ ጠንከር ካለ ሙሉ ነው፣ ከተጨፈለቀ ባዶ ነው፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ዘር ነው ማለት አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን አሥር ዘር እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልለህ ለአንድ ሳምንት አስቀምጥ፣ ሰባት ስምንቱ ካቆጠቆጠ ጥሩ ነው፣ ሦስቱ ብቻ ከሆነ ስትዘራ በርከት አድርገህ በትን። ስትዘራ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አትቅበረው፣ ድሬ ላይ በአራት አምስት ቀን ብቅ ይላል፣ ዘርቶ ነቅሎ መትከልም ይቻላል ግን ሥሯ መነካት ስለማትወድ እዛው በምትቀርበት ቦታ ብትዘራት ይሻላል። ከዘራህ ሁለት ወር አለፍ ሲል አበባ ታያለህ።

ማስቀመጫው ወረቀት ይሁን፣ ፌስታል ላብ ያወጣና ይሻግታል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አታድርገው ይቃጠላል። ቀለሙንና ወሩን ላዩ ላይ ጻፍበት። እኔ አምና ሳልጽፍ ቀርቼ ባለቤቴ ፖስታውን ደረሰኝ መስሎት ከመብራት ሂሳቡ ጋር ፋይል ውስጥ ከተተው፣ ሰው ያልፈለግኩበት ቦታ የለም፣ ግንቦት ላይ ቆጣሪው ተሳስቷል ብሎ ሊከራከር ሲሄድ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነው የተበተነው፣ እዛው ለቃቅሞ አመጣልኝ፣ ግማሹ በቅሏል።